ስምንት ሚሊሜትር

ቲሳ ወንዝ ደፍርሶ፣ በረዶ ሸኝቶ፣
ሴጌድን ሲያቋርጥ ድልድይ ሥር ተኝቶ፣
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ነጭ ገዋን ለብሼ
ከአንድ ሰው ቁስል ላይ በጥጥ የተጠረገ
ተህዋስ እዘራለሁ፣ ሳህን ላይ ጎንብሼ።

ስም የለውም ሰውየው፤ ቁጥር ነው፦ ሁለት መቶ ሰባት።
ዕድሜ፦ ሰባ አንድ። ሙያ፦ ጀልባ ጠጋኝ። ቁስሉ፦ እግር።
ሌላ አልነገሩኝም፣ የለኝም የምናገር።

አምስቱን መድኃኒት ሞክረውለታል፤
ታላላቅ ስማቸው
በደጅ አጋፋሪ እንደሚጠራ ሹም
አንድ በአንድ ገብተው፣ አንድ በአንድ ወጡ፤
ተህዋሱ ከደጁ ንቅንቅ አላላቸው።

ለምዷል።
እንዲህ ነው የምንለው በኛ ቋንቋ፦ መድኃኒት የለመደ።
እንደዚያ እንግዳ፣
መጀመሪያ ጫማውን ደጅ እንዳወለቀ፣
ኋላ ግን ከማጀት ድስት እየከፈተ
የአባወራውን ወንበር «የኔ ነው» እንዳለ።
ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤
ይሄስ ማዕዱን ጨርሶ ቤቱን ሊወርስ ነው።

ወይዘሮ ኤቴልካ፣ ቅዳሜ ገበያ፣
ቅጠል ትሸጣለች በጋዜጣ ጠቅልላ፦
ጦስኝ፣ የጥድ ፍሬ፣ ጤና አዳም በእሰር።
«ይሄስ ለምን ይሆናል?» አልኳት በተሰባበረ ሀንጋሪኛዬ።
ሳቀች። «ለበሬ ቁስል። ለባሌም።»

አባቴ ቢያያት ኖሮ ስም ነበረው ለሷ፦
ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ።
እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ?
ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ
ሥር እምሳለሁ፣ ቅጠል እበጥሳለሁ፤
የምለየው ሚዛኔ አቧራ ስለሚመዝን፣
ስህተቴንም በደብተር ስለምጽፍ ነው።

ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ሦስት ቀን ከርሞ
በአልኮል ተዘፍዝፎ፣ ተጠለለ ደግሞ።
ምስር ክክ በምታህል ክብ ወረቀት ላይ
ጠብታውን ጣልኩ፣
በወረንጦ አንስቼ ሳህኗ ላይ አሳረፍኩ፣
በሰው ገላ ሙቀት ሌሊቱን አሳደርኩ።

ጠዋት ስከፍታት፣
በስድስተኛዋ ዙሪያ፣ በጤና አዳሟ፣
ጥርት ያለ ቀለበት፤
ተህዋስ ያልበቀለበት።

ማስመሪያ አቀረብኩ፦ አሥራ አንድ።
ደግሜ ለካሁ፦ አሥራ አንድ።
ዶክተር ቲቫዳር ቁርሱን ትቶ መጣ፣
የዳቦ ፍርፋሪ ከጢሙ ሳያራግፍ፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብዙ አየ።
ከዚያ ዝም ብሎ ጣቱን ዘረጋ
ወደ አሥራ ሁለተኛዋ፦
ቅጠል ያልነካት፣ አልኮል ብቻ የጠጣች፣
ለምስክርነት ያስቀመጥኳት ወረቀት።
እሷም ቀለበት አስራለች።
አሥር።

ለካ ተህዋሱ ሰክሮ ኖሯል እንጂ
የታከመ የለም።

ዶክተር ቲቫዳር አልሳቀብኝም።
«አልኮሉ ተንኖ ይለቅ» አለ፣
«ከዚያ የተረፈው፣ እሱ ነው የቅጠሉ።»

ሁለት ሌሊት አደረቅሁ። እንደገና ዘራሁ።
ስምንት።
ወረቀቷ ራሷ ስድስት ናት፤
ትርፉ ሁለት፣ አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ፣
የጥፍር ጫፍ ስፋት፣
ከተህዋስ አገር ላይ የተነጠቀ ድንበር።
ባዶዋን ወረቀት ግን፣ በዚህኛው ጠዋት፣
እስከ አፏ ድረስ ወርሷት ነበር።

ሐሙስ ከሆስፒታል ወረቀት መጣ፦
ሁለት መቶ ሰባት፣ እግሩ ተቆርጧል። ወደ ቤቱ ሄዷል።
እንግዲህ ጀልባውን ተቀምጦ ይጠግናል፣
ወይም ልጅ ይቀጥራል፤ አላውቅም።
ተህዋሱ ግን እኔ ዘንድ ቀርቷል፣
ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ፣ ቁጥሩ ተለጥፎበት፤
አከራዩን አጉድሎ የወጣ ተከራይ።

ቅዳሜ ኤቴልካ «ሠራ ወይ?» አለችኝ።
በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል
ያችኑ ታህል ብርሃን አሳየኋት።
ዓይኗን አጥብባ አየቻት፣
ራሷን ነቀነቀች፤
የትልቁን እሰር ዋጋ ግን አልቀነሰችም።